ቃሉ ያልተጻፈበት ሩጫ

የሰፈሩ የበጎ አድራጎት ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ቅዳሜ። የክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሕፃናት ሰሌዳ «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች» ይላል። ውጭ ዝናብ እየጣለ ነው። ሊቀመንበሩ ኮሚቴው የሚመራው በራሱ ቀን እንጂ በሕፃናት ቀን አይደለም ስላሉ ቅዳሜ ተብሎ ተመዝግቧል።

ቦታ፦ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት፣ የታናናሾቹ ክፍል። ትልልቆቹ ወንበሮች ያሉበት ቢሮ ቁልፉ ስለጠፋ አባላቱ ለአራት ዓመት ልጅ በተሠሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። የሁሉም ጉልበት ከአገጩ ጋር ተገናኝቷል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት።

የተገኙ፦

ሊቀመንበር፦ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። በሌሉበት ሁሉ «ጋሽ ደንቡ» ይባላሉ። ዛሬ ስላሉ አልተባሉም።

ቲቸር፦ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርትና የሊቀመንበሩ ታናሽ እህት። ሩጫው የታሰበው እሳቸው በበሽታው ታመው ከዳኑ በኋላ ነው።

ባለመድኃኒቱ፦ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት።

ባለቀለሙ፦ የቀለም ሱቅ ባለቤት፤ ቲሸርቶቹን በነፃ የሚያሠሩት።

አሰልጣኙ፦ ሊቀመንበሩ ያስተማሩት ልጅ። ፊሽካውን ከአንገቱ አያወልቅም።

ጸሐፊ፦ እኔ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የተመረጥኩት በሌለሁበት ነው።

ያልተገኙ፦ ገንዘብ ያዥ፣ የሊቀመንበሩ ባለቤት። ደረታቸውን ስላመማቸው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ ስድስቱ ስላሉ ተሟልቷል።

መክፈቻ

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ለመክፈት ሲነሱ ወንበሩም አብሯቸው ተነሳ። አሰልጣኙ ከኋላ ይዞ ካላቀቃቸው በኋላ ይህ ነገር በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አሳሰቡ። ጸሐፊዋ ባለፈው ስብሰባ «የሆነው ሁሉ እንደሆነ፣ የተባለው ሁሉ እንደተባለ ይጻፍ» ተብሎ መወሰኑን፣ ሐሳቡን ያመጡትም እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሰች። ስለዚህ ገብቷል።

ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» በሚለው ምሳሌ ጀምረው፣ መሐል ላይ እሱኑ ደግመው፣ በእሱው ደመደሙ። የሩጫው ዓላማ ሰፈሩ ስለ በሽታው በግልጽ እንዲነጋገር ማድረግ መሆኑን ገለጹ። ተጨበጨበ። ወደ አጀንዳ ተገባ።

አጀንዳ አንድ፦ በቲሸርቱ ላይ ስለሚጻፈው

ባለቀለሙ ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ በስልክ እንደሚጠብቅ፣ ካልደረሰው ግን ቲሸርቶቹን ባዶአቸውን እንደሚያስረክብ አስረዱ። ከፊት የሩጫው ስም፣ ከሥሩ ደግሞ የሱቃቸው ስም ይሆናል። የሱቁ ስም አልቆ የሩጫው ስም ብቻ እንደቀረ ተናገሩ።

ቲቸር የበሽታው ስም ጎልቶ ይጻፍ አሉ። ስሙንም ጠሩት።

ባለመድኃኒቱ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። አሰልጣኙ ፊሽካውን ዛሬ ገና እንዳገኘው ነገር አገላብጦ አየው። ባለቀለሙ ቀና ብለው ይህ ጣሪያ ከተቀባ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ «እህቴ፣ ሰው አለ እኮ» አሉ። ቲቸርም የተናገሩት ሰው መኖሩን አይተው እንደሆነ መለሱ። ሊቀመንበሩ ቃሉ ትልልቅ ሰዎች በተቀመጡበት፣ ይልቁንም በሕፃናት ክፍል ውስጥ የሚነሳ አይደለም አሉ። ቲቸር ስለ ሕፃናቱ ማንም እንዳይሰጋ፣ የዚህ ክፍል ልጆች ከተባለው ነገር ጋር እዚህ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ የቀረበ ትውውቅ እንዳላቸው፣ ከተለያዩትም ገና ብዙ እንዳልቆዩ አስረዱ።

ሊቀመንበሩ ጸሐፊዋ ቃሉን እንዳትጽፍ መመሪያ ሰጡ። ጸሐፊዋ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ አለች። «ቃሉ ብለሽ ጻፊ» ተባለች። በመሆኑም ከዚህ በኋላ ይህ ቃለ ጉባኤ «ቃሉ» ሲል እናት ልጇን የምታጠባበትን የሰውነት ክፍል፣ «በሽታው» ሲል ደግሞ እዚያ ላይ የሚወጣውን ካንሰር ማለቱ ነው። ሊቀመንበሩ ይህ ማብራሪያ ከቃሉ የባሰ ነው አሉ፤ ያሉት ግን ከተጻፈ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ የመክፈቻውን ምሳሌ መልሳ አነበበችላቸው። «እሱ ለመክፈቻ ነው» አሉ።

ቲቸር ንግግር ጠይቀው የሚከተለውን ተናገሩ። እንደተናገሩት ተጽፏል።

«ያኔ ሐኪም ፊት ቀርቤ ምንሽን ነው ሲለኝ አፈርኩ። ደረቴን አልኩት። ልጅ እግር ሐኪም ነው፣ እሱም አፈረ መሰለኝ፣ የቱ ጋ ነው አላለኝም። ጀርባዬን አዳመጠ። ተንፍሺ አለኝ፣ ተነፈስኩለት። የሳል ሽሮፕ ሰጠኝ። ሳል የሚባል ነገር አልነበረብኝም እኮ። ክረምቱን ሙሉ የሌለብኝን ሳል ሳስታምም ከረምኩ። ያተረፈችኝ አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት፤ ‹ደረት ስትዪ የቱን ነው፣ እስቲ በእጅሽ አሳዪኝ› ብላ። ያቺን አንዲት ቃል በጊዜ ተናግሬ ቢሆን ያን ሁሉ ቢላ አላይም ነበር። እኔ የምለምናችሁ ይህችን ቃል ነው። ሌላዋ ሴት እኔ የጠጣሁትን ሽሮፕ እንዳትጠጣ።»

ኮሚቴው በጥሞና አዳመጠ። ሊቀመንበሩ ንግግሩ ልብ የሚነካ መሆኑ ይመዝገብ አሉ። ተመዝግቧል። ከዚያ ቃሉን የሚተካ ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ አሉ።

ባለመድኃኒቱ «የእናቶች በሽታ» የሚል አቀረቡ። ቲቸር ያልወለደችም እንደምትታመም፣ እሳቸው ራሳቸው አንድም እንዳልወለዱ፣ እንዲያውም አልፎ አልፎ ወንድንም እንደሚይዝ ተናገሩ። አሰልጣኙ ይህን ሲሰማ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። መስመሩን ሰሌዳ ላይ ሳል እስኪባል ድረስ አላወረዳቸውም።

ባለቀለሙ «ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ» ይባል አሉ። ለቲሸርቱ ረዘመ ተብሎ ወደቀ። ባለቀለሙ በትልቅ ሰው ቁመት ልክ ቢሠራ ይበቃል ብለው ተከራከሩ፤ እሱም ወደቀ። አሰልጣኙ «ያ ነገር» ይባል፣ ሰው ይገባዋል አለ። ባለመድኃኒቱ እሳቸው ቤት «ያ ነገር አለ ወይ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ የሚፈልገው ሌላ ነገር እንደሆነ ገለጹ። ጸሐፊዋ ማብራሪያ አልጠየቀችም።

ከረጅም ውይይት በኋላ «ደረት» የሚለው ቃል ጨዋ በመሆኑ፣ ግድግዳው ላይ ባለው የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ላይም ተጽፎ በመገኘቱ፣ በአራት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ እንዲጻፍ ተወሰነ። ጸሐፊ ድምፅ የላትም። ቢኖራት ተቃውሞው ሁለት ይሆን ነበር።

ባለቀለሙ ቃሉ ከተገኘ መፈክሩ ራሱ ይመጣል ብለው «ደረታችንን ነፍተን እንሩጥ» አሉ። ሊቀመንበሩ ወደዱት። ቲቸር ደረት የሚነፋው ጉራ ለመንዛት፣ የሚደቃው ደግሞ ሰው ሲሞት እንደሆነ፣ እሳቸው ሁለቱንም እንዳልፈለጉ ተናገሩ። መፈክሩ በሦስት ለሁለት አለፈ።

በዚሁ አጀንዳ ሥር፣ ከሩጫው በኋላ የጤና ጣቢያው ነርስ የምታድለው ወረቀት ከውሳኔው ጋር እንዲስማማ ታዘዘ። በታረመው መሠረት «በየወሩ ደረትዎን በእጅዎ ይፈትሹ» ተብሎ ተነበበ። ባለቀለሙ እዚያው በተቀመጡበት ፈትሸው ከደረት ኪሳቸው አንድ እስክሪብቶና የታጠፈ የመብራት ደረሰኝ አገኙ። ደረሰኙን ቤት ገልብጠው ሲፈልጉት እንደከረሙ ተናግረው ወረቀቱ በጣም ጠቃሚ መሆኑን መሰከሩ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ቀለሙ

ቲቸር የበሽታው ምልክት የትም አገር ሮዝ ስለሆነ ቲሸርቱም ሮዝ ይሁን አሉ። ወንዶቹ አባላት ዓላማውን በሙሉ ልብ እንደሚደግፉ፣ ሮዝ ለብሰው ግን ከቤት እንደማይወጡ አስታወቁ። አሰልጣኙ እሱ በበኩሉ ግድ እንደሌለው፣ የሚያሠለጥናቸው ልጆች ግን እድሜ ልኩን እንደማይረሱለት ተናገረ።

ባለቀለሙ ባለሙያ በመሆናቸው ሐሳብ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ሮዝ የሚባል ቀለም ከባልዲው ሲታይ ነጭ የበዛበት ቀይ እንጂ ራሱን የቻለ ነገር እንዳልሆነ አስረዱ። ይህ ለኮሚቴው ትልቅ እፎይታ ሰጠ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት እንዲለብስ፣ ቀለሙ ግን ሴቶች ላይ ሲሆን «ሮዝ»፣ ወንዶች ላይ ሲሆን «ያልጠነከረ ቀይ» ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። ቲቸር ድምፅ ሲሰጥ እየሳቁ ስለነበር ይደግፉ ይቃወሙ አልተለየም። በድጋፍ ተቆጥሯል።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ ሩጫው መስመር

አሰልጣኙ መስመሩን በቾክ ሰሌዳ ላይ ሳለ። ሰሌዳው የተሰቀለው ለልጆች ስለሆነ ተንበርክኮ ነው። መስመሩ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ተነስቶ፣ በጤና ጣቢያው በር አልፎ፣ አቀበቱን ወጥቶ፣ ዞሮ እዚሁ ያልቃል።

ባለቀለሙ መስመሩ በሱቃቸው በኩል እንዲያልፍ ጠየቁ። ባለመድኃኒቱ በመድኃኒት ቤታቸው በኩል እንዲሆን ጠየቁ። ሁለቱ ቤቶች ፊት ለፊት ስለሆኑ ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ሯጩ እዚያ ሲደርስ ወደየትኛው ዞሮ ይይ የሚለው ብዙ አከራከረ። ሲሄድ ወደ ቀለሙ፣ ሲመለስ ወደ መድኃኒቱ እንዲያይ ተወሰነ። ሁለቱንም ማየት የሚችል ካለ አይከለከልም።

ባለመድኃኒቱ መድኃኒት ቤታቸው ለሁሉም የቀረበ መሆኑን ለማስረዳት፣ «ጋሼ ራሳቸው ምስክሬ ናቸው፤ ለባለቤታቸው ለእትዬ ሽሮፕ ሊወስዱ ሲመላለሱ መንገዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱታል» አሉ። አያይዘውም ሳሉ ተሻላቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ «ሳል እንኳ የላትም፤ ደረቴን ነው የምትለው» ብለው መለሱ። ባለመድኃኒቱ ሰኞ ከዚያ ጠንከር ያለ ሽሮፕ እንደሚገባላቸው ነገሯቸው።

ቲቸር የያዙትን እርሳስ አስቀምጠው ንግግር ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ስለ መስመሩ ነው ወይ አሉ። ቲቸር ስለ መስመሩ አይደለም አሉ። ከአጀንዳው ውጭ የሆነ ነገር በልዩ ልዩ እንደሚታይ ተነገራቸው።

ሊቀመንበሩ በመቀጠል አቀበቱን አነሱ። ለበጎ ሥራ የወጣ ሰው በምን ዕዳው ዳገት ይወጣል፣ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁልቁለት ይሁን አሉ። አሰልጣኙ መነሻውና መድረሻው አንድ ቦታ ከሆነ፣ የወረደ ሰው የወረደውን ያህል መውጣቱ እንደማይቀር አስረዳ። ሊቀመንበሩ ይህ የአሰልጣኙ የግል አስተያየት መሆኑን ገልጸው ለድምፅ አቀረቡት።

አቀበቱ በሦስት ድጋፍ በሁለት ተቃውሞ ተሰረዘ።

ቲቸር እንደገና ንግግር ጠየቁ። ስለ አቀበቱ ከሆነ ድምፅ ተሰጥቶበታል፣ ስለ ሌላ ከሆነ በልዩ ልዩ ነው ተባሉ። ጸሐፊዋ የቲቸር እጅ ለሁለተኛ ጊዜ መውጣቱን እዚህ ላይ ጽፋለች። ትርፍ ነገር መጻፍ ወዳ አይደለም፤ ሊቀመንበሩ ያላዩት ስለመሰላት ነው።

አሰልጣኙ «ጋሼ፣ ዳገት እኮ በድምፅ አይሰረዝም። ይህን ሒሳብ ያስተማሩኝ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ» አለ። ሊቀመንበሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ፊደል እንዳስቆጠሩት፣ አፍንጫውን ሲያዝረከርክ በራሳቸው መሐረብ እንደጠረጉለት፣ ዛሬ በሰው ፊት ሊያርማቸው መነሳቱን ዘርዝረው ሲያበቁ፣ «አንተ የእናት ቃሉ ነካሽ» አሉት። ጸሐፊዋ በተሰጣት መመሪያ መሠረት ጽፋለች።

ባለቀለሙ ሊቀመንበሩን ለማብረድ «ይተዉት ጋሼ፣ ገና ቃሉን ያልጣለ ልጅ ነው» አሉ። ይህም በመመሪያው መሠረት ተጽፏል።

አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ ሁሉም ጆሮውን ያዘ። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ እንዳለው አስታውቆ፣ ሊቀመንበሩና ባለቀለሙ በአጀንዳ አንድ የተከለከለውን ቃል በስብሰባ ላይ ስለጠሩ ይጠየቁልኝ አለ። ሊቀመንበሩ እሳቸው የተናገሩት ስድብ እንጂ ቃሉን አይደለም አሉ። አሰልጣኙ ስድቡ ውስጥ ያለው ቃል ራሱ ቃሉ ነው አለ። ባለመድኃኒቱ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ፤ ለየትኛው ወገን እንደተናገሩ አልታወቀም። ባለቀለሙ ደግሞ ከእሳቸው አጠገብ ያለው የልብስ ሱቅ መስታወቱ ላይ «ልዩ ልዩ የቃሉ ማስያዣ አለን» ብሎ በትልቁ መጻፉን፣ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሲያልፍ ደንግጦ የወደቀ ሰው እንዳላዩ መሰከሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቃሉ ለስድብ፣ ለልብስና ለአነጋገር ማሳመሪያ ሲሆን የተፈቀደ፣ ለሕመም ሲሆን የተከለከለ እንዲሆን ተወሰነ።

ቲቸር እጃቸውን ሳያወጡ «ለመሳደብ ሲሆን አፋችሁ ይፈታል፣ ለመታከም ሲሆን ይታሰራል» አሉ። ሊቀመንበሩ ያለ ፈቃድ የተነገረ ስለሆነ አይመዝገብ አሉ። የተባለ ሁሉ እንደተባለ ይጻፋል፤ ተመዝግቧል።

አሸናፊውን በተመለከተ፣ በሰው ሕመም አንደኛ መውጣት ነውር ስለሆነ ቀድሞ የደረሰ ሰው ከመድረሻው በፊት ቆሞ የመጨረሻውን እንዲጠብቅ ተወሰነ። አሰልጣኙ በዚህ ጊዜ ግንባሩን ሰሌዳው ላይ አሳርፎ ስለነበር ሲነሳ የመስመሩ ግማሽ ግንባሩ ላይ ታትሟል።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ ሌላ ጉዳይ ከሌለ ሊዘጉ መሆኑን አስታወቁ። ባለቀለሙ ማተሚያ ቤቱ እየደወለባቸው መሆኑን ተናገሩ። ቲቸር ልዩ ልዩ እስኪደርስ መጠበቃቸውን፣ አሁን መድረሱን ገልጸው ተነሱ።

«ወንድም ጋሼ» አሉ፣ «እትዬ ደረቴን ስትልህ እጇን የት ነው የምታደርገው?»

ሊቀመንበሩ ጥያቄው ከሩጫው ጋር ያለው ግንኙነት ይብራራልኝ አሉ። ቲቸር አላብራሩም። ጥያቄውን ያንኑ ደገሙት።

ሊቀመንበሩ «አላየሁም» አሉ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትነግረኝ።» ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተጠየቁ። ዝናቡ ሳይገባ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ። ባለመድኃኒቱ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔም የቱ ጋ ነው አላልኩም፤ ሽሮፑን ብቻ ነው የሰጠሁት» አሉ፤ መነጽራቸውንም አወለቁ፤ ግን አልጠረጉትም።

ሊቀመንበሩ ሲነሱ ወንበሩም አብሯቸው ተነሳ። ማንም አልሳቀም። ወንበሩን እንደተሸከሙ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ቤታቸው ደወሉ።

ኮሪደር ላይ የተነገረ ነገር የስብሰባው አካል መሆን አለመሆኑ በደንቡ የለም። ሆኖም ሊቀመንበሩ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ የጠዋት ሰልፍ ያለ ድምፅ ማጉያ ሲያናግሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ሁሉም ተሰምቷል። መጀመሪያ «በልተሻል ወይ» አሉ። ቀጥለው «ጣሪያው አላፈሰሰም ወይ» አሉ። ቀጥለው «ያ ደረትሽ» ብለው ቆሙ። «ማለቴ፣ ደረት ስትዪ፣ ወደ ላይ ነው ወይስ» ብለው ቆሙ። «ከአንገት በታች» ብለውም ቆሙ። ባለቀለሙ ይህ የእሳቸው ሐሳብ እንደነበር በሹክሹክታ አስመዘገቡ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ቃሉን ጠሩት። ምሳሌ አልነበረም፣ ስድብም አልነበረም። ባል ሚስቱን ሲጠይቅ ነበር። መንገድ ላይ ጃንጥላ ይዛ የምታልፍ ሴት ሰምታ መስኮቱን ቀና ብላ አየች።

ሲመለሱ ስልኩን አልዘጉትም፤ እጃቸው ላይ ነበር። ወንበሩ የት እንደወደቀ አልታወቀም። «እሱ ነው አለችኝ» አሉ። «እብጠት አለው አለችኝ። ምነው ሳትነግሪኝ ብላት፣ ‹አንተ ደረት ስትል እኔም ደረት አልኩ› አለችኝ።» ይህን የተናገሩት በሰልፍ ድምፃቸው አይደለም። ከተናገሩም በኋላ ኮፍያቸውን ፈለጉ፤ ኮፍያቸው ራሳቸው ላይ ነበር።

ቲቸር የወንድማቸውን ክንድ ያዙ። እብጠት ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ እንደሚገኝ፣ ዋናው ግን ዛሬውኑ መታየቱ እንደሆነ ነገሯቸው። «እኔ እዚህ ቆሜያለሁ አይደለም እንዴ» አሏቸው። ባለመድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ቅዳሜም እስከ ማታ ክፍት መሆኑን፣ ተረኛዋን ነርስ እንደሚያውቋትና አሁኑኑ እንደሚደውሉላት ተናገሩ። ባለቀለሙ ቀለም የሚያመላልሱባትን መኪና ቁልፍ አወጡ። ጋቢናው ውስጥ እትዬና ቲቸር፣ ከኋላ ደግሞ ከባልዲዎቹ ጋር ሊቀመንበሩና አሰልጣኙ እንዲሳፈሩ ሐሳብ ቀረበ፤ ሊቀመንበሩ ከባልዲ ጋር መሳፈርን ሳይቃወሙ ተቀበሉ።

አሰልጣኙ በሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ እንሂድ በቃ» አለ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። ስብሰባ ሳይዘጋ ጥሎ የሚሄድ ሊቀመንበር እንደሌለ፣ ቢዘጋ ደግሞ ዛሬ የተወሰነው ነገር ሁሉ ጸንቶ እንደሚቀር ተናገሩ። ስለዚህ ስልኩን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ድምፁን ከፍ አድርገው አስቀምጠው፣ ባለቤታቸው እየሰሙ፣ ቆመው የሚከተለውን አስወሰኑ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ያለ ምንም ውይይት፣ በሙሉ ድምፅ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።

«ደረት» ከቲሸርቱ ወርዶ ወደ ግድግዳው ሥዕል ተመልሷል። ወረቀቱም እንደዚያው፤ ባለቀለሙ ኪሳቸውን በራሳቸው ጊዜ ይፈትሹ። ሮዝ በማንም ላይ ሮዝ ነው። አቀበቱ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ አሰልጣኙ አመስግኗል፤ ሊቀመንበሩም መጀመሪያ የሚወጡት እሳቸው መሆናቸው ይመዝገብ ብለዋል። የመጀመሪያው ሯጭ ይድረስ፣ የመጨረሻውም ይድረስ። ሁሉም ወደፈለገበት ዞሮ ይይ። የእናት ቃሉ ነካሽ የተባለው ስድብ ተነስቷል፤ አሰልጣኙ «ድሮም አልከፋኝም፣ ጋሼ» ብሏል።

ባለቀለሙ የበሽታው ስም ፊት ለፊት በትልቁ እንዲሆን፣ የሱቃቸው ስም ወደ ጀርባ እንዲዞር፣ ጀርባውም ካልበቃ እንዲቀር ራሳቸው አቀረቡ። እዚያው ወደ ማተሚያ ቤቱ ደውለው ቃሉን ነገሩ። ከወዲያ በኩል «ምን አሉኝ» ተባሉ። ደገሙት። አሁንም «ምን አሉኝ» ሲባሉ አንድ ባንድ ፊደሉን ጠሩና፣ «ሁለት ፊደል ናት የኔ ልጅ፣ ምኗ ያስቸግራል» አሉ።

ጸሐፊዋ «ቃሉ» እያለች እንድትጽፍ የተሰጣት መመሪያም እንደ ሌላው ሁሉ ተሽሯል።

ሊቀመንበሩ ሊዘጉ ሲሉ ገንዘብ ያዥ ከስልኩ ውስጥ «ቆዩ እስቲ» አሉ። «ጸሐፊዋ እኔን ምን ብላ ነው የጻፈችኝ?» ጸሐፊዋ አነበበችላቸው። «አርሚው፣ ልጄ» አሉ።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመኪናው ሞተር ተነስቶ ሳለ ተዘጋ።

እርማት፦ ከላይ «ያልተገኙ» በሚለው ሥር «ደረታቸውን ስላመማቸው» የተባለው፣ በራሳቸው ጥያቄ «ጡታቸውን ስላመማቸው» ተብሎ ይነበብ። «ያልተገኙ» የሚለውም ተሰርዟል፤ ተገኝተዋል።